መጋረጃውን የያዘው ዘንግ

ካፊያ በጣለ ቁጥር ሽቦው ያንጎራጉራል። ቤቴ ለቡ፣ መብራት ኃይል የሚባለው ሰፈር ነው። ከግቢዬ ወጥቼ ትንሽ ስራመድ፣ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙት ሽቦዎች በረጃጅም የብረት እግሮች ላይ ተንጠልጥለው ያልፋሉ። በበጋ ዝም ይላሉ፤ ዝናብ ሲያካፋ ግን እምምም የሚል፣ ብዙ ንብ አንድ ቀፎ ውስጥ የተዘጋበት የመሰለ ድምፅ ያወጣሉ። ጎረቤቶቼ ለምደውታል። ከሥሩ ኳስ ይጫወታሉ፣ ለበዓል በግ ይሸጡበታል፣ ልብስ የሚያሰጡም አሉ። እኔ ግን ይኸው ስንት ክረምት አልፎ አልለመድኩትም። ልጄ እዚህ ቤት ሠርታ «አባዬ፣ አየሩ ለሳንባህ ጥሩ ነው» ብላ ስታመጣኝ አየሩን አልጠላሁትም። የመጀመሪያው ካፊያ ጥሎ ያ ድምፅ ሲመጣ ግን ሳላስበው ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ «በረደህ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ በረደኝ» አልኳት። ብርድ አልነበረም።

በቀደም ዕለት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሽቦው እያንጎራጎረ ሳለ ስልኬ ጠራ። ዳዊት ነው። ዳዊት የሟቹ ጓደኛዬ የመኮንን ልጅ ነው። እሱም ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ጸጉሩም ከግንባሩ እየሸሸ ነው። እኔ ግን አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያ ዳዴ ይል የነበረው ሕፃን ነው የሚታየኝ።

«ጋሼ አሰፋ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለብዎት?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? ምን ልታዘዝ?»

«ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ዓሣ ማጥመድ ጀምረናል። ወደ ቆቃ ነው የምንሄደው። እስከ ዛሬ በሰው ዘንግ ነበር፤ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። ጥሩም ርካሽም የሆነ እፈልጋለሁ። ብቻዬን ከሄድኩ ያታልሉኛል፤ እርስዎ ደግሞ ክርክር ያውቁበታል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ጋሼ?» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። መኮንን የሞተው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በእጁ እንደያዘ ነው። ይህን ዳዊት አያውቅም። እናቱ አረጋሽ «አባትህ በመኪና አደጋ ነው የሞተው» ብላ አሳድጋዋለች፤ እኔም ለእሷ ቃል ገብቼ ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ዘግቻለሁ። በልጁ ፊት ዓሣ የሚባል ነገር አንስቼ አላውቅም። አሁን ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳያሳየው፣ በገዛ እግሩ ወደዚያው ነገር ሄደ። ደም ይስባል የሚሉት እውነት ነው መሰለኝ፣ ፈራሁ። «ተወው፣ አትግዛ» ልለው አሰብኩ። «ለምን?» ቢለኝ ለአረጋሽ የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው። ካልሄድኩለት ደግሞ ብቻውን ሄዶ የብረት ዘንግ ይገዛል። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት። ለራሴ ግን አንድ ነገር ማልኩ፤ ብረት ያለበትን ዘንግ እጁ አላስገባም።

እኔና መኮንን ጎረምሶች በነበርንበት ዘመን ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር የለም። አሁን ጀሞ ተብሎ ሚኒባስ የሚጋፋበት ቦታ ገብስና ባቄላ ነበር። ላፍቶ ላይ ከተማው ያልቅና ጭቃው ይጀምራል፤ ለቡ ሲባል ጅብ የሚጮህበት ሩቅ አገር ይመስለን ነበር። ሁለታችንም ንፋስ ስልክ አጠገብ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራ ነበር፣ እኔ መጋዘን፣ እሱ ማሸጊያ ክፍል። ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በነፋስ የሚነጋገር ስልክ ተተክሎበት ነው ይሉን ነበር ትልልቆቹ። ቅዳሜ ደመወዝ ሲኖር ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለውን ሱሪ ለብሰን፣ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ኮት ደርበን፣ አፍሯችንን በማበጠሪያ ነፋ አድርገን እንወጣለን። ሳምቡሳው በአሥር ሳንቲም፣ ሻዩ ከዚያም ባነሰ ነው። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ክራር እያለቀሰ፣ አንዲት ሴት ጥሏት ስለሄደ ሰው ትዘፍናለች። መኮንን ዘፈኑ እስኪያልቅ ከበሩ ላይ አይነሣም። «አሴ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ እኔን ነው የምትፈልገው» ይል ነበር። በዚያው ዓመት አረጋሽን አገባ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልብሳችንን ቀይረን ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ግድብ እንወርዳለን። ውሃው ሰፊ ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው፣ ነፋስ በሌለበት እንኳን ዳር ዳሩ ይንቀሳቀሳል። ያካባቢው ሽማግሌዎች «ይሄ ውሃ በዓመት አንድ ሰው ካልበላ አይተኛም» ይሉን ነበር። እኛ እንስቃለን። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንይዛለን፤ አንዳንዴ ትልቁ አምባዛ ይመጣል። በጾም ወራት ዓሣችን ሰፈር ሳይደርስ ያልቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚል ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር፤ አይበላም ብለው አጥብቀው የሚከራከሩት ሴትዮ ደግሞ በጓሮ በር በኩል መጥተው ከሁሉ በፊት ይገዙናል። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይናገርም።

ዘንግ መምረጥን እንደ መኮንን የሚያውቅ ሰው አላየሁም። መርካቶ አጣና ተራ ይዞኝ ይሄድና ከተከመረው ቀርከሃ ፊት ቁጢጥ ይላል፣ ልጅ የሚድር ሰው እንኳን እንዲህ አይመርጥም። ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። «ጨረቃ ስትጠፋ የተቆረጠ ነው ወይስ በሙሉ ጨረቃ?» ይለዋል። በሙሉ ጨረቃ የተቆረጠ ቀርከሃ ይነቅዛል፣ በጨለማ የተቆረጠ ግን አይነካም ብሎ ያምናል። ሻጩ ሁልጊዜ «በጨለማ ነው ወንድሜ» ይላል፣ ምን ይበል? መኮንን አያምነውም። በአንዱ ጫፍ እፍ ይልበትና ዱቄት ከወጣ ይጥለዋል። አንጓ አንጓውን በጣቱ ይዳስሳል። በመጨረሻ የአንድ እግሩን ሸራ ጫማ ያወልቅና በማሰሪያው ከዘንጉ ጫፍ ላይ ይሰቅለዋል። በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን በብብቱ ይዞ፣ ጫማው ሲወዛወዝ ያያል። ሰው ይሰበሰብና ይስቃል፣ እሱ ቁብ አይሰጠውም።

«የቆሮሶ ከንፈር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው» ይለኛል። «ጎትተህ ካነሣኸው ይቀደድና ያመልጥሃል። ስለዚህ ዘንግህ ከጫፉ ብቻ ነው ማጎንበስ ያለበት። ከወገቡ ካጎነበሰ ሰነፍ ነው። ጭራሽ ካላጎነበሰ ደግሞ ትዕቢተኛ ነው። ከሰነፍም ከትዕቢተኛም ጋር ውሃ ዳር አይወረድም።»

ቅዳሜ ዳዊት በመኪና መጥቶ ሊወስደኝ ፈልጎ ነበር፤ መኪናው ጋራዥ ገብቷልና በካፊያ በሚኒባስ ጀሞ ሄድን። ሱቁ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያለ፣ ከኳስ እስከ ድንኳን፣ ከባትሪ እስከ ባርኔጣ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት ነው። ባለሱቁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ነው። ሁለት ዓይነት ዘንግ አወጣልን። አንደኛው ነጭ ነው፣ ፋይበር የሚሉት፣ ርካሽ፣ ከበድ የሚል። ሁለተኛው ጥቁር ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ቁራጭ አንዱ ውስጥ የሚገባ፣ ሲዘጋ ክንድ የሚያህል፣ ሲዘረጋ ግን ከሱቁ በር አልፎ አስፋልቱ ድረስ የሚደርስ። ዳዊት ጥቁሩን አንሥቶ በአንድ ጣቱ ሚዛኑን ጠበቀና ፊቱ በራ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ አይቼዋለሁ።

«ላባ ነው እኮ! ጋሼ፣ ይዘው ይዩት።»

ያዝኩት። እውነትም ቀላል ነው። ልቤ ግን አላረፈም። ባለሱቁን «ብረት አለበት?» አልኩት።

«የለበትም ፋዘር። ብረት ድሮ ቀረ። ይሄ ካርበን ነው።»

«ውስጡስ? ሽቦ ነገር የለበትም?»

«ምንም የለበትም ስልህ! ማግኔት አምጣና ሞክረው።» ይኼ ልጅ ያላግጣል ብዬ እንደ ዋዛ አላለፍኩትም፤ ከመደርደሪያው ላይ በር መዝጊያ ማግኔት አስወርጄ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኩበት። አልያዘም። ከመያዣው በላይ አንዲት ቢጫ ምልክት ተለጥፋ አየሁ፤ መብረቅ የመሰለ ቀይ ሥዕል አለባት፣ ከሥሩ በቻይንኛ ተጽፎበታል።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ማርኩ ነው ፋዘር። እንደ መብረቅ ፈጣን ለማለት ነው።»

ዓይኔ ከዚያች ምልክት ላይ ቶሎ አልተነሣም። ሆኖም ብረት የለበትም፣ ማግኔትም መስክሯል፤ ከዚያ በላይ ምን ልበል? ቀኝ ጫማዬን አወለቅኩና በማሰሪያው ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሰቀልኩት። ባለሱቁ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። ጫፉ ብቻ ጎንበስ አለ፣ ወገቡ ቀጥ እንዳለ ነው። ሰነፍም አይደለም፣ ትዕቢተኛም አይደለም።

ዳዊት እየሳቀ «ይሄን ደግሞ ከየት ተማሩት?» አለኝ።

«አንድ ጓደኛ ነበረኝ» አልኩና ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበርና ቀና ማለት አልቻልኩም።

በዋጋው ተከራከርኩለት፤ ባለሱቁ ምሎ ተገዝቶ በመጨረሻ ቀነሰ። ወደ ለቡ ስንመለስ ዳዊት ዘንጉን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞት ተቀመጠ። ረዳቱ እንኳን አላየውም። ከፊቱ ካለው መቀመጫ ላይ ሆኜ የድሮውን የአውቶቡስ ጭቅጭቅ አስታወስኩ። ረጅም ቀርከሃ ይዞ አውቶቡስ መግባት በእኛ ዘመን ጦርነት ነበር። ትኬት ቆራጩ «ቤት ልትሠሩ ነው?» ይለናል፣ ሴቶቹ «ዓይናችንን ልታፈርጡ ነው!» ይሉናል፣ ሾፌሩ አውርዱልኝ ይላል። ስንት እሑድ ዘንጋችንን ይዘን በእግራችን ተመልሰናል። መኮንንን ያሰለቸው ይህ ነው። አንድ ቀን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሐል፣ የቴሌቪዥን አንቴና ምሰሶ ገዝቶ መጣ። ሦስት የአሉሚኒየም ቧንቧዎች ናቸው፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ። ከቀርከሃ የረከሰ፣ ከቀርከሃ የቀለለ፣ ከኮት ሥር የሚያዝ ነበር። ጫማውን ሰቀለበት። አላጎነበሰም።

«ትዕቢተኛ ነው» አልኩት።

«ይገራል» አለኝ። ያን እሑድ ቀርከሃውን ቤቱ ትቶ አዲሱን ይዞ ወጣ።

ያን ዕለትም እንደ ቅዳሜው ሰማዩ ወርዶ ያካፋ ነበር። ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ በትልልቆቹ ሽቦዎች ሥር ያልፋል፤ ሽቦዎቹ ውሃውን ተሻግረው ወደ ማዶ ይሄዳሉ፣ ዳርቻው ላይ ደግሞ ዝቅ ይላሉ። መኮንን ዘንጉን ገጣጥሞ እንደ ባንዲራ ቀጥ አድርጎ ይዞ ከፊቴ ይሄዳል። ድምፁ እምምም ይላል። ድንገት ቆመና ዞረ፣ ይስቃል።

«አሴ፣ መዳፌን በላኝ!»

«ቀኙን ነው ግራውን?»

«ቀኙን!»

«እንግዲያው ይገባልሃል» አልኩት። ቀኝ መዳፍ ሲበላ ገንዘብ ይገባል፣ ግራው ሲበላ ይወጣል፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። መኮንን መዳፉን ሳም አደረገና ዕድሉ እንዳያመልጠው ኪሱ ከተተው። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ «ኧረ አሁንም በላኝ! ዛሬስ ቅርጫቱ አይበቃንም» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ ቀን የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሽቦው ገና ከሩቅ እየነካካው እንደነበር የገባኝ ከቀብር በኋላ ነው።

ቆሮሶው የሚበላበት ቦታ ሽቦው ዝቅ ያለበት ሥር ነበር። መኮንን ትል ሰካ፣ ሊወረውር ዘንጉን ወደ ላይ አነሣ። እንደ ጅራፍ ያለ ጩኸት ሰማሁ፣ ወዲያው ውሃ ሲመታ ሰማሁ። ዞር ስል ተጋድሟል፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ነው። ፈገግታው አልጠፋም ነበር። ቀኝ መዳፉ መካከል ላይ ስሙኒ የምታህል ክብ ጥቁረት ነበረች፤ ከእሷ በቀር ሰውነቱ ላይ ምንም የለም። የመጣው ፖሊስ ዘንጉን አይቶ «ብረት ወደ ሽቦ ይነሣል?» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። ሰፈሩ ግን ፖሊሱን አልሰማም። የውሃው ጋኔን በጥፊ መታው ተባለ፣ ምልክቱን መዳፉ ላይ ተወበት ተባለ። አረጋሽ ከግነዛው በፊት ሰዎቹን ገፍታ ገብታ እጁን ገልብጣ አየች። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

በአርባው፣ ሰዉ በልቶ ሲበተን፣ ዳዊትን ታቅፋ ከጓሮ ጠራችኝ። «ልጄ ጋኔን የበላው ሰው ልጅ እየተባለ አያድግም» አለችኝ። «ሰፈር እቀይራለሁ። አባቱ በመኪና ነው የሞተው። አሰፋ፣ በልጄ ፊት ዓሣ የሚባል ነገር አታንሣብኝ፤ በእመቤታችን።» እሺ አልኳት። ሰፈርም ቀየረች። ከዕቃው ሁሉ ያልተወችው ያን ቀርከሃ ነበር። ሳሎኑን ከመኝታው የሚከፍለውን መጋረጃ ሰቀለችበት። ኋላ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ጀሞ ስትገባም፣ በዚያ ሁሉ ደረጃ እኔና እሷ ጫፍና ጫፉን ይዘን አወጣነው። ዳዊት ከዚያ መጋረጃ ሥር ዳዴ ብሏል፣ ተምሯል፣ ለሚስቱ ሽማግሌ የላከውም እዚያው ተቀምጦ ነው። ቡና ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር እኔ ፊቴን ወደ ዘንጉ አድርጌ አልቀመጥም።

ሚኒባሱ ለቡ መብራት ኃይል አወረደን። ካፊያው አላቆመም። ወደ ቤቴ የሚወስደው አቋራጭ በሽቦው ሥር በሜዳው በኩል ነው፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ዝናቡን ፈርተው ሄደዋል፣ ሜዳው ባዶ ነው። ሽቦው ያንጎራጉራል። እኔ እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ፈጠን ፈጠን ብዬ ቀደምኩ። ከኋላዬ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የዘንጉ ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ሲወጣ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰፊ ቦታ ላይ እስቲ ርዝመቱን ይዩልኝ!»

ዞርኩ። ዳዊት ሜዳው መካከል ቆሞ ጥቁሩን ዘንግ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎታል። ብረት የለበትም፣ ማግኔት መስክሯል፣ ምን ይሆናል ብዬ ልቤን ላረጋጋ ሞከርኩ። ሽቦው ከእሱ በላይ ብዙ ይርቃል። ዳዊት ግን ድንገት እጁን ቀየረና ቀኝ መዳፉን አየው፣ ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ መዳፌን በላኝ!»

መዳፉን ሳም አደረገና ኪሱ ከተተው።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። «ጣለው!» ብያለሁ መሰለኝ፤ «መኮንን!» ብያለሁም መሰለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ሮጥኩ። ዳዊት ደንግጦ ዘንጉን ለቀቀው። ዘንጉ እርጥብ ሳር ላይ ወደቀ። የዳዊትን ክንድ ይዤ ከሜዳው ጎተትኩት፣ አስፋልቱ ላይ ካልወጣን አልለቀቅኩትም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ለምን በአባቴ ስም ጠሩኝ?»

ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ? ልጁ በሕይወት ከፊቴ ቆሟል፤ ዝም ብል በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሽቦ ሥር ይቆማል። ሽቦ የሌለበት አገር የት አለ? እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ዝናብ እየመታን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አጣና ተራን፣ የተሰቀለውን ጫማ፣ አንቴናውን፣ ሳቃችንን፣ ስሙኒ የምታህለዋን ጥቁረት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጁን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉን ዝናብ ላይ ዘርግቶ ቆየ።

«እኔ ዕድል መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«እሱም» አልኩት።

ወደ ሜዳው ተመልሼ ዘንጉን በጃኬቴ ይዤ ከጫፉ ጀምሬ ዘጋሁት፤ ያቺን ቢጫ ምልክት ያን ጊዜ ነው የተረዳኋት፣ ከሽቦ አርቁኝ ማለቷ ነበር። የብረት ዘንግ አላስይዘውም ብዬ የማልኩ ሰው፣ ከብረት ሌላ መብራት የሚሸከም ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የመኮንንን አሉሚኒየም እንኳ ማግኔት ባልያዘው ነበር። ካርበን የሚሉት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። የማውቀው መዳፍ እንደሚበላ ነው።

ዳዊት «እማዬ ጋ እንሂድ» አለ። ተመልሰን ጀሞ ሄድን። ደረጃውን ስንወጣ ከዘንጉ ይልቅ የአረጋሽን ፊት ፈራሁት፤ ቃል አፍርሼባታለሁ፣ ያውም በስተርጅናዋ። በሩን ራሷ ከፈተችው። ሁለታችንም ርሰናል። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ በእጄ ያለውን ጥቁር ነገር አየች፣ ከዚያ ልጇን። ማንም ምንም አልነገራት።

«የትኛው እጅህ ነው?» አለችው።

ዳዊት ቀኝ እጁን ሰጣት። በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችውና ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው፤ ያኔ ሰዎቹን ገፍታ ገብታ ያደረገችውን ነው ያደረገችው። ምንም አልነበረበትም። ያን ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች። እኔም አላፈርኩም፣ አለቀስኩ። ዳዊት ብቻ ቆሞ ያዳምጠናል።

ስትረጋጋ «አሰፋ፣ ነገርከው?» አለችኝ።

«ነገርኩት።»

«ደግ አደረግክ» አለች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ወንበር ጎተተች፣ እንዳንረዳት በእጇ ከልክላ ወጣችበት። መጋረጃውን ከቀለበቱ ፈታ ፈታ አድርጋ ወለሉ ላይ ጣለችው። ቀርከሃውን ከምስማሩ ላይ አነሣችው። ጫፉን አፏ አጠገብ አስጠግታ እፍ አለችበት፤ ዱቄት አልወጣም። ሻጩ ለካ አልዋሸም፣ በጨለማ የተቆረጠ ነበር። ከወንበሩ ወርዳ ለልጇ ሰጠችው።

ዳዊት በሁለት እጁ ተቀበላት። ከሥሩ ዳዴ ያለበትን ዘንግ ገና አሁን እንዳየው ሁሉ አንጓ አንጓውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ከውጭ ካፊያው መስኮቱን ይመታል። አረጋሽ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም።

«መዳፍህን በላህ?» አለችው።

ዳዊት ዘንጉን በቀኝ መዳፉ ጨበጥ አድርጎ አየው።

«አይ እማዬ፣ ምንም አላለኝም።»

«እንግዲያው ያዘው» አለችው።